ጃፓናዊው ጥብስ የክሬምና የፍራፍሬ ሳንድዊች፦ የት ላይ ነው የሚበላሸው?

ፎቶው ላይ ሲያዩት ቀላል ነው የሚመስለው። ውጪው ወርቃማ ሆኖ ኩርሽም የሚል ዳቦ፣ ውስጡ ነጭ ክሬም፣ መሃሉ ላይ ለሁለት የተከፈለ እንጆሪ። ቤት ውስጥ ሲሞከር ግን ክሬሙ ይቀልጣል፣ ዳቦው ዘይት ጠጥቶ ይወጣል፣ ወይ ቢላዋ ሲነካው ሁሉም ነገር ይናዳል። ደግነቱ ብልሽቱ ሁሉ ምልክት አለው። ምልክቱን ካወቁት መነሻውን ማግኘት አያስቸግርም።

ይህ ሳንድዊች ጃፓን ውስጥ የሚወደዱ ሁለት ነገሮችን ያጣመረ ነው። አንዱ "ፍሩትስ ሳንዶ" ነው። ቅርፊቱ የተነሳለት ለስላሳ ነጭ ዳቦ፣ በክሬምና በፍራፍሬ የተሞላ። እ.ኤ.አ. በ1834 ቶኪዮ ውስጥ እንደተከፈተው ሰምቢኪያ ያሉ የፍራፍሬ ቤቶች የሚታወቁበት ምግብ ነው። ዛሬ የየሰፈሩ ሱቅ ፍሪጅ ውስጥም አይጠፋም። ሌላው "አገፓን" ማለትም ጥብስ ዳቦ ነው። በ1952 በቶኪዮ ኦታ ወረዳ አንድ የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ፣ ጉንፋን ይዟቸው ለቀሩ ልጆች የሚላከው ዳቦ ሲደርቅ ጠብሶ ስኳር ነሰነሰበት፤ ከዚያ ወዲህ ነው የተስፋፋው ይባላል።

ወደ ችግሮቹ ከመግባታችን በፊት እኔ የምመርጠውን አሠራር ልንገራችሁ፤ መፍትሄዎቹ ሁሉ እሱን ተከትለው ነው የሚመጡት። ቅርፊታቸው የተነሳ ሁለት ቁራሽ የሳንድዊች ዳቦ ውሰዱ። ውስጣቸው ምንም ሳይገባ አንዱን በአንዱ ላይ ደርቡ። እንደተደረቡ ዱቄት፣ ከዚያ የተመታ እንቁላል፣ ከዚያ ፓንኮ የሚባለውን የጃፓን የዳቦ ፍርፋሪ አልብሷቸው። ጥበሱ። አቀዝቅዙ። ከዚያ በመገጣጠሚያው በቢላዋ ክፈቷቸው። ውጪው ኩርሽም ይላል፣ ውስጡ ነጭና ደረቅ እንደሆነ ይቆያል። ክሬሙና ፍራፍሬው የሚገባው ይሄን ጊዜ ነው።

"ክሬሙ ዘይቱ ውስጥ ቀለጠ፣ ሳንድዊቹም ፈነዳ"

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ሳንድዊቹን በክሬም ሞልቶ እንዳለ ዘይት ውስጥ ይከተዋል።

የተመታ ክሬም ማለት አየር ነው። አየሩን ይዞ የሚያቆመው ደግሞ እርስ በእርሱ የተያያዘ ቀዝቃዛ ስብ ነው። ስቡ ገና የክፍል ሙቀት ሲነካው መላላት ይጀምራል። 170 ዲግሪ ዘይት ውስጥማ ምን ተስፋ አለው? ስቡ ሲቀልጥ አየሩ ይወጣል፣ ውሃው ይለያል። ውሃው እንፋሎት ይሆንና መውጫ ይፈልጋል፤ ያገኘውን ስንጥቅ ከፍቶ ይወጣል። ዘይቱ የሚንጣጣውም ለዚህ ነው። ይህ ቀልድ አይደለም፣ እጅና ፊት ያቃጥላል።

ክሬሙን ፍሪዘር ከትቶ በረዶ ሲሆን መጥበስ የሚባል ምክር አለ። እኔ አልመክረውም። በረዶው ዘይት ውስጥ ባይቀልጥ እንኳ ሳህን ላይ ሲቀልጥ ክሬሙ ውሃና ስብ ሆኖ ይለያያል።

መፍትሄው ሁለት ነው። አንደኛው ከላይ ያልኩት ነው፤ ዳቦው ይጠበስ፣ ይቀዝቅዝ፣ ክሬሙ ኋላ ይግባ። "ይቀዝቅዝ" ስል እጅ ሲያስነኩት ለብ ማለቱ አይበቃም። መሃሉ ላይ ሙቀት ተደብቆ ይቆያል። ወንፊት ወይም ሽቦ ላይ አድርጉትና ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁት። ሳህን ላይ ካስቀመጣችሁት ከሥሩ ላብ ያልበውና ይላቁጣል።

ሁለተኛው፣ ትኩሱን ለሚወድ ሰው፣ ክሬሙን በካስታርድ መቀየር ነው። ካስታርድን የሚያቆመው ስታርች ስለሆነ እንደ ክሬም ቀልጦ አይፈስም። ለ250 ሚሊ ሊትር ወተት የ2 እንቁላል አስኳል፣ 50 ግራም ስኳርና 25 ግራም ኮርን ስታርች በቂ ነው። እያማሰላችሁ አፍሉት። መወፈር ሲጀምር አታውጡት፤ ቡልቅ ቡልቅ ማለት ከጀመረ በኋላ አንድ ሁለት ደቂቃ ይቆይ። ጥሬ አስኳል ውስጥ ስታርችን የሚበላ ኢንዛይም አለ። በደንብ ካልፈላ አይሞትም፤ ማታ ወፍራም የነበረው ካስታርድ ጠዋት ቀጥኖ ይገኛል። ካስታርዱን ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዙ፣ ዳቦው መሃል ላይ አድርጉ፣ ጠርዙን እንቁላል ቀብታችሁ በሹካ ተጫኑት፣ ፓንኮ አልብሱና ጥበሱ። ለዚህኛው ሙዝ ይስማማል። እንጆሪና ብርቱካን ግን ውሃቸው ብዙ ስለሆነ እንፋሎት ፈጥረው ያፈነዱታል።

"ዳቦው ዘይት ጠጣ"

ዘይቱ አልጋለም። ወይም ግሎ ነበር፣ ግን ብዙ ዳቦ በአንዴ ስለገባበት ቀዘቀዘ። ዳቦ ስፖንጅ ነው፤ ላዩ ቶሎ ካልደረቀ ያገኘውን ይመጥጣል። 170 እስከ 180 ዲግሪ ድረስ አግሉት። ቴርሞሜትር ከሌለ አንድ ቁንጥር ፓንኮ ጣል አድርጉ። ዝም ብሎ ከሰመጠ ገና ነው። ወዲያው ዙሪያውን አረፋ ይዞ ከተንሳፈፈ ደርሷል። ገብቶ ሳይቆይ ከጠቆረ አልፏል፤ እሳቱን ቀንሱ። ከዚያ አንድ አንዱን፣ በእያንዳንዱ ጎን ደቂቃ ለማይሞላ ጊዜ።

አዲስ አበባ ላላችሁ አንድ ነገር። በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጥሬ ነገር ሲጠበስ፣ ለምሳሌ ዶሮ፣ ውስጡ ሳይበስል ውጪው እንዳይጠቁር የዘይቱን ግለት ቀነስ ማድረግ ይመከራል። እዚህ ግን ዳቦው የበሰለ ነው። የምንፈልገው ላዩን ማድረቅ ብቻ ስለሆነ ግለቱን አትቀንሱ። ብትቀንሱ ትርፉ ዘይት መጠጣት ነው።

የዳቦው ዕድሜም ለውጥ አለው። ዛሬ የተጋገረ ዳቦ እርጥብ ነው። የትናንቱ ይሻላል።

"ውጪው ጠቆረ"

ጣፋጭ ዳቦ ነው የተጠቀማችሁት። ስኳርና ወተት ያለበት ዳቦ ቶሎ ይቀላል፣ ቀጥሎም ይጠቁራል። ወደ 165 ዝቅ አድርጉና አጠገቡ ቁሙ። ስኳር መነስነስ ካማራችሁም ከተጠበሰ በኋላ ነው።

"ፍርፋሪው ተላቀቀ"

ዱቄቱን ዘለላችሁት፣ ወይም እንቁላሉ በዝቷል። ዱቄቱ ስስ ይሁን፣ ትርፉ ይራገፍ። እንቁላሉም ይንጠፍጠፍ። ፓንኮውን በመዳፍ ጫን ጫን አድርጉትና ከመጠበሱ በፊት 10 ደቂቃ ይረፍ። ፓንኮ ከተራ ፍርፋሪ የሚለየው ሻካራና ስል ስል ስለሆነ ነው። የነጩ ፓንኮ ዳቦ ፋብሪካ ውስጥ በምድጃ ፋንታ ኤሌክትሪክ በሊጡ ውስጥ እያለፈ ይጋገራል፤ ለዚህ ነው ቅርፊት የሌለውና ነጭ የሚሆነው። ካጣችሁት ቅርፊቱን ያነሳችሁለትን ነጭ ዳቦ በትልቁ ቀዳዳ ፈቅፍቃችሁ አድርቁት። ዱቄት እስኪመስል የደቀቀው ግን አይሆንም፤ ዘይት ይይዛል።

"ክሬሙ አልቆም አለ"

መጀመሪያ ካርቶኑን አንብቡ። ስቡ ከ30 በመቶ በታች ከሆነ ቀኑን ሙሉ ብትመቱት አይቆምም። 35 እና ከዚያ በላይ ያለውን ፈልጉ። አሜሪካ "ሄቪ ክሬም" የሚለው ቢያንስ 36 በመቶ ነው። እስራኤል ያላችሁ ባለ 38ቱን ጣፋጭ ሻሜኔት ያዙ። ዓረብ አገር በጣሳ የሚሸጠው ቀሽጣ ከቁርስ ጋር ይጣፍጣል እንጂ ለዚህ ሥራ ስቡ አይበቃም።

ስቡ ልክ ሆኖ እምቢ ካለ የቀረው ሙቀት ነው። ክሬሙ ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ሳህኑና መምቻውም ፍሪዘር ውስጥ ሩብ ሰዓት ይቆዩ። ወጥ ቤቱ ከሞቀ ሳህኑን በረዶና ውሃ በያዘ ሰፋ ያለ ሳህን ውስጥ አስቀምጣችሁ ምቱ። ለ200 ሚሊ ሊትር ክሬም 15 ግራም ገደማ ስኳር ይበቃል። ለዚህ ሳንድዊች ከኬክ ጠንከር ያለ ክሬም ነው የሚፈለገው። መምቻውን አውጥታችሁ ስትገለብጡት ጫፉ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ በቃ።

ከዚያ በኋላ አንድ ደቂቃ ከተሳሳታችሁ ሌላ ጉድ ይመጣል። ክሬሙ መጀመሪያ ወዙን ያጣል። ቀጥሎ ከሳህኑ ጠርዝ ላይ እንደ አይብ ፍርፍር ይላል፣ ቀለሙም ወደ ቢጫ ያደላል። ይህ መናጥ ነው፤ ቅል ውስጥ ያለ እርጎ የሚሆነው ነገር ሳህን ላይ ሆነ ማለት ነው። ገና ፍርፍር ማለት ሲጀምር ከያዛችሁት ሁለት ሦስት ማንኪያ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ክሬም ጨምሩና በእጅ ቀስ ብላችሁ አዋህዱት፤ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ውሃው ከተለየ ግን አበቃ። እስከ መጨረሻው ናጡትና ቅቤውን ለቁርስ አውሉት።

"ዳቦው ከውስጥ ራሰ"

ፍራፍሬው አልደረቀም። እንጆሪን አጥቦ ማንጠፍጠፍ ብቻውን አይበቃም። ሶፍት ላይ ደርድሩት፣ ከላይም በሶፍት ጠብ ጠብ አድርጉት። ስኳር አትነስንሱበት፤ ስኳር ውሃውን ስቦ ያወጣዋል። ማንጎ በጣም ከበሰለ ለጁስ ይሁን፤ እዚህ ጠንከር ያለው ነው የሚሻለው። ክሬሙንም ሁለቱም ዳቦዎች ላይ ቀቡ። ስቡ በፍራፍሬውና በዳቦው መካከል ግድግዳ ይሆናል። ፍራፍሬው ራሱ ዳቦ መንካት የለበትም።

"ክሬሙ መረረ"

ኪዊ፣ አናናስ ወይም ፓፓያ አለበት። ሦስቱም ጥሬ ሲሆኑ ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም አላቸው። የወተቱን ፕሮቲን ሲቆርጡ መራራ ጣዕም ይመጣል። ወዲያው ከተበላ ላይታወቅ ይችላል፤ ፍሪጅ ውስጥ ሲቆይ ነው የሚብሰው። ጃፓኖችም ኪዊን በክሬም ይበሉታል፣ ግን በዕለቱ ነው። አናናስ ከወደዳችሁ የጣሳውን ተጠቀሙ፤ ሲታሸግ ሙቀት ስላገኘው ኢንዛይሙ ሞቷል። ፓፓያን ለብቻው ብሉት፤ በዚህ ሳንድዊች ውስጥ አያምርበትም።

"ስቆርጠው ተናደ"

ከመቆረጡ በፊት አልቀዘቀዘም። ተራው ፍሩትስ ሳንዶ በፕላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ ተጠቅልሎ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይቆያል። የተጠበሰው ላይ ግን ይህ ምክር ራሱ ችግር ነው። ፕላስቲክ እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል፣ ለፍተን ያገኘነው ኩርሽምታም ይጠፋል። ስለዚህ በወረቀት ጠቅልሉትና ግማሽ ሰዓት ብቻ ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት። ክሬሙን ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ ያልኩትም ለዚሁ ነው፤ አጭር ቅዝቃዜ እንዲበቃው። እንደ ሱቁ ጥርት ያለ ቁርጥ ላይወጣ ይችላል። እኔ ከሚያምረው ቁርጥ ይልቅ ኩርሽም የሚለውን ዳቦ እመርጣለሁ።

ትልልቆቹን እንጆሪዎች ቢላዋው በሚያልፍበት መስመር ላይ ደርድሩ፤ ክፍተቱን በክሬም ሙሉ። ከመጠቅለላችሁ በፊት መስመሩ በየት እንደሚያልፍ ወረቀቱ ላይ በእስክሪብቶ አስምሩበት፤ አለበለዚያ ይጠፋባችኋል። ባለ ጥርስ የዳቦ ቢላዋ ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከሩ፣ አድርቁ፣ ሳትጫኑ እንደ መጋዝ ጎተት ጎተት አድርጋችሁ ቁረጡ። በየቁርጡ ቢላዋውን ጥረጉ። ሲያድር ኩርሽምታው ስለማይተርፍ በዕለቱ ይበላ። ከፍሪጅ ውጪ ደግሞ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ።

"በጾም አማረኝ"

ይቻላል። እንቁላሉን ትታችሁ ዱቄት በውሃ ቀጠን አድርጋችሁ በጥብጡ፤ ጃፓንም ለጥብስ እንዲህ ይሠራል። ዳቦው ወተትና እንቁላል እንደሌለበት አረጋግጡ። ለስላሳው የጃፓን ዳቦ ወተት ይገባበታል፣ ስለዚህ ተራውን ነጭ ዳቦ ያዙ። የፓንኮውን ማሸጊያም አንብቡ። ክሬሙ ከኮኮናት ነው። ስቡ የበዛውን የኮኮናት ወተት ጣሳ ሳታናውጡ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት፣ ከላይ የረጋውን ብቻ አውጥታችሁ በተፈጨ ስኳር ምቱ። ሳይለያይ ካደረ እንዳይለያይ የሚያደርግ ማርጊያ ተጨምሮበት ይሆናል፤ ሌላ ዓይነት ሞክሩ። የኮኮናት ስብ 24 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ ግን ከፍሪጅ ወጥቶ ብዙ አይጠብቅም፤ ሰው ከተቀመጠ በኋላ ነው የሚቆረጠው።