እናት አባታችሁን ጤና መድህን ለማስመዝገብ

ባህር ዳርም ሆነ ጣና ዳር ባሉ ቀበሌዎች የሚኖሩ እናት አባት ካሏችሁ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አስገቧቸው፣ ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ሲታመሙ ነው ምዝገባውና እድሳቱ ግን ወቅት አለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ምርት ከገባ በኋላ ጥርና የካቲት ላይ ነው። እና ቀድማችሁ ቀበሌ ሄዳችሁ መቼ እንደሚከፈትና የዘንድሮ መዋጮ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። መታወቂያና ጉርድ ፎቶ ያዙ፣ ደረሰኝ ሳትቀበሉ እንዳትወጡ።

የመድህን አባልነት ደብተሩን ሲሰጧችሁ እዛው ቆማችሁ የእማማ ስም እስከ አያት ከመታወቂያው ጋር አንድ መሆኑን፣ ፎቶው ላይም ማህተም ማረፉን እዩ፣ ኋላ ካርድ ክፍል አሮጊት ሴትዮ የምታመላልሰው እንዲህ አይነቷ ነገር ናት።

መክፈል የማይችሉ አዛውንቶች ደሞ መንግስት ይከፍልላቸዋል፣ የሚለየው ቀበሌው ስለሆነ እባካችሁ ጎረቤት ያሉትንም ጠቁሙላቸው፣ ራሳቸው ሄደው አይጠይቁም።

ድንገተኛ ካልሆነ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ነው፣ ከዛ ሪፈር አፅፋችሁ ፈለገ ህይወት ወይ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል። ሪፈር ሳትይዙ ከሄዳችሁ ወጪው ከኪስ ሊሆን ይችላል። መድህኑ መነፅርና ሰው ሰራሽ ጥርስ አይሸፍንም።