ላይብረሪያን ለመሆን እየተማሩ ላይብረሪያን የማይጠይቁ

ለተግባር ልምምድ የሚመጡ የማስተርስ ተማሪዎችን መቀበል ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ግማሽ ቀን መጻሕፍት በሚመዘገቡበት ካታሎግ ክፍል፣ ግማሽ ቀን የአንባቢ ጥያቄ በሚመለስበት ሪፈረንስ ዴስክ ላይ ነኝ። ተማሪው በየዓመቱ ይቀያየራል፤ ስህተቱ ግን ያው ነው። ዘንድሮም ያንኑ ስህተት ሳይ ትዕግሥቴ አለቀና ልጽፈው ተቀመጥኩ። አብዛኛውን እኔም ሠርቼዋለሁ። ስለዚህ ቁጣዬን እንደ ታላቅ ወንድም ወይም እህት ቁጣ ውሰዱት።

«መጽሐፍ ስለምወድ ነው የገባሁት»

ጥሩ ነው። ግን ሥራው ማንበብ አይደለም። ቀኑን ሙሉ መጽሐፍ ሲነካኩ ውሎ አንድ ገጽ ሳያነቡ ወደ ቤት መግባት የተለመደ ነው። የሰው ጥያቄ የማይጥማችሁ ከሆነ ይህን በጊዜ እወቁት።

አለመጠየቅ

እዚህ ላይ ትንሽ ልናደድ።

የላይብረሪ ሳይንስ ተማሪ ነገ ዴስክ ላይ ተቀምጦ «ምን ልርዳዎት?» ሊል ነው የሚማረው። ዛሬ ግን ያንኑ ዴስክ በሩቁ ዞሮ ያልፋል። ምክንያቱ እፍረት ነው። «የዚህ ትምህርት ተማሪ ሆኜ መፈለግ አቃተኝ ብዬ እንዴት እጠይቃለሁ?» ይላል። የሕክምና ተማሪ ሲታመም ሐኪም ጋ አይሄድም እንዴ?

አንዷን ልንገራችሁ። ቴሲሷ ተማሪዎች የላይብረሪ አጠቃቀምን እንዴት እንደሚማሩ ነው። ሦስት ሳምንት ጽሑፍ ስትፈልግ ከረመች። የምትቀመጠው ደግሞ ከእኔ ሁለት ሜትር ርቃ ነው። በመጨረሻ መጥታ «በዚህ ርዕስ የተጻፈ ነገር የለም፣ ልቀይረው ነው» አለችኝ። የለም! በሙያችን ውስጥ እንደዚህ የተጻፈበት ርዕስ ስንት አለ?

«ምን ብለሽ ነው የፈለግሽው?» አልኳት። ላፕቶፑን አዞረችልኝ። የፍለጋ ሳጥኑ ውስጥ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተጽፏል፤ ከነጥያቄ ምልክቱ።

ችግሩ የቃል ነበር። ይህን ነገር ዛሬ ሙያው የሚጠራው «ኢንፎርሜሽን ሊትረሲ» ብሎ ነው። ቃሉን ፖል ዙርኮውስኪ በ1974 ነው ያመጣው፤ ላይብረሪዎች ውስጥ እስኪለመድ ግን ጊዜ ወስዷል። ከዚያ በፊት የተጻፉትን ለማግኘት «ቢብሊዮግራፊክ ኢንስትራክሽን» ወይም «ዩዘር ኤጁኬሽን» ማለት ያስፈልጋል። ሦስቱንም እያንዳንዳቸውን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገባን፤ ከሦስቱ አንዱ ያለበትን ሁሉ እንዲያመጣ በመካከላቸው «ኦር» ጨመርን። ዝርዝሩ ወረደ። ከውስጡ አንድ ጥሩ አርቲክል ከፈትንና ዳታቤዙ ይዘቱን ለመግለጽ የሰጠውን የርዕሰ ጉዳይ ቃላት አየን። እነሱን ይዘን እንደገና ፈለግን። ሁሉም ነገር ሃያ ደቂቃ አልፈጀም።

መጀመሪያ ሳቀች። ሦስቱ ሳምንት ትዝ ሲላት ሳቋ ቆመ። የሚገርመው፣ ስለ ርዕሰ ጉዳይ ቃላት የሚሰጠውን ኮርስ በኤ ነው ያለፈችው።

ሕንዳዊው ላይብረሪያን ራንጋናታን በ1931 ለላይብረሪ ሙያ ካወጣቸው አምስት ሕጎች አራተኛው የአንባቢው ጊዜ እንዲቆጠብ ያዛል። ፈተና ላይ ሁሉም ይጽፈዋል። ራሱም አንባቢ መሆኑን የሚያስታውስ ግን የለም። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። እዚህ የሚቀረው ቴሲሱ ነው።

ስትጠይቁ ደግሞ ባዶ እጃችሁን አትምጡ። የት ፈለጋችሁ? በምን ቃል? ምን አገኛችሁ፣ ለምንስ አልሆነም? ይህን በግማሽ ገጽ ጽፋችሁ ብትመጡ እኔ ከሥራ መውጫ ሰዓቴ አልፌም እቆይላችኋለሁ።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ማመን

የዚህ ስህተት ሌላኛው ፊት ነው። አንድ ሰው ወደ ዴስኩ መጣና «የሕክምና መጻሕፍት የት ናቸው?» አለ። ልምምድ ላይ የነበረው ልጅ ፈጥኖ «610፣ ሁለተኛው ረድፍ» አለው። የሕክምና መጻሕፍትን የዲዊ ምደባ ቁጥር በቃሉ በማወቁ ፊቱ አበራ። ሰውዬው አመስግኖ ሄደ። ሩብ ሰዓት ያህል በሼልፎቹ መሐል ሲንከራተት አየሁትና ተጠጋሁት። ሁለት ሦስት ጥያቄ ስጠይቀው ነገሩ ወጣ። እናቱ አዲስ መድኃኒት ታዞላቸዋል፤ ከበፊቱ ጋር አብሮ ይወሰዳል ወይ ነው የጨነቀው። ይህ የመድኃኒት ማውጫና የፋርማሲስት ጥያቄ ነው። የአናቶሚ መጽሐፍ ምን ያደርግለታል?

ሰው የሚፈልገውን ሳይሆን ላይብረሪው አለው ብሎ የሚገምተውን ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ ጣታችሁን ከመቀሰራችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ «በተለይ ስለምን ነበር የፈለጉት?» በቂ ነው። አድቫይዘራችሁ «ይሄ ነገር ይስተካከል» ብሎ ወረቀቱን ሲመልስላችሁም ያው ነው። የቱ? እንዴት? እዚያው ጠይቁት። ቤት ገብታችሁ መገመት ከጀመራችሁ አለቀላችሁ።

ሰፊ ርዕስ

«የዲጂታል ላይብረሪ ተግዳሮቶች» ርዕስ አይደለም፤ ሼልፍ ነው።

ማርክን እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ መሸምደድ

ማርክ የመጽሐፍ መረጃ በቁጥር እየተለየ ኮምፒውተር ላይ የሚመዘገብበት ቅርጽ ነው፤ 100 ደራሲ፣ 245 ርዕስ፣ 650 ርዕሰ ጉዳይ። ተማሪዎች በኮሪደሩ እየተራመዱ ሲያነበንቡ እሰማለሁ። ማርክን በ1960ዎቹ የአሜሪካ ኮንግረስ ላይብረሪ ውስጥ የቀረጸችው ሄንሪዬት አቭራም የኮምፒውተር ፕሮግራመር ነበረች። ቁጥሮቹ ለማሽን የተሰጡ ትእዛዞች ናቸው። ማሽኑ በእያንዳንዳቸው ምን እንደሚያደርግ ካልገባችሁ ሽምደዳው ከንቱ ነው።

ይህን በራሴ ላይ ነው ያየሁት። 245 ላይ ከቁጥሩ ቀጥሎ ሁለት ትንንሽ አመልካቾች አሉ። ሁለተኛው ለኮምፒውተሩ «ስትደረድር ከርዕሱ መጀመሪያ ይህን ያህል ፊደል ዝለል» ይለዋል። የእንግሊዝኛው «ዘ» በራሳቸው ፊደል ሦስት ነው፤ ክፍት ቦታው ሲጨመር አራት ይሆናል። ስለዚህ 4 ይገባል። እኔ ሥራ በጀመርኩበት ወቅት ሁሉንም 0 እያልኩ አለፍኩ። ዜሮ ንጹሕ መስሎ ታየኝ መሰለኝ። ከሁለት መቶ የሚበልጡ መጻሕፍት በዝርዝሩ ውስጥ ከየቦታቸው ተነሥተው «ዘ» ሥር ተከማቹ። አንባቢዎች ዝርዝሩን አይተው «የለም» እያሉ ይመለሳሉ፤ መጽሐፉ ሼልፍ ላይ ቁጭ ብሏል። ነገሩን የደረሱበት ጡረታ ሊወጡ ወራት የቀራቸው አለቃዬ ነበሩ። አልተቆጡኝም። ዝርዝሩን አትመው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር።

መፍትሔው ቀላል ነው። ኮሃ የሚባለው የላይብረሪ ሲስተም ከ2000 ጀምሮ በነፃ አለ፤ ኒውዚላንድ ውስጥ ነው የተጀመረው። ላፕቶፓችሁ ላይ ጫኑት። መጫኑ ራሱ ያሰቃያችኋል፤ እሱም ትምህርት ነው። ቤታችሁ ያሉትን ሃያ መጻሕፍት መዝግቡ። ከዚያ ሆን ብላችሁ አበላሹትና ፍለጋው ላይ ምን እንደሚፈጠር እዩ። ያን ቀን ማርክ ይገባችኋል።

ሪፈረንስን ለመጨረሻ ማስቀመጥ

ሪፈረንስ የሚያሰባስበውንና የሚጽፈውን ሶፍትዌር፣ ዞቴሮን፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሩት። ነፃ ነው። እኔ የቴሲሴን ሪፈረንስ አንድ በአንድ በእጄ ጻፍኩ። ማስረከቢያው ሁለት ቀን ሲቀረው «ስታይሉ ይቀየር» ተባልኩ። ስለዚያ ሌሊት አልናገርም።

ግን ሶፍትዌሩንም አትመኑት። የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም ነው ብሎ ወደ ፊት ያመጣዋል። የቤተሰብ ስም የሌለው ደራሲ ሲገጥመው አባቱን ደራሲ አድርጎት ቁጭ ይላል። የአይስላንድ ሰዎች በዚህ በጣም ይቸገራሉ። ካታሎግ ላይ በራሳቸው ስም ነው የሚገቡት። የእኔን ጽሑፍ በአማርኛ ለሚያነብ ሰው ይህን ማብራራት ያለብኝ አይመስለኝም።

ከዳር እስከ ዳር ማንበብ

ለሳምንት የተሰጡትን አርቲክሎች ሁሉ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው የሚያነብ ተማሪ በወሩ ይታመማል። አጭር መግለጫውን፣ ከዚያ መደምደሚያውን እዩ፤ የሚረባ ከሆነ ግቡ።

ከሌላ ትምህርት መጥቶ መሸማቀቅ

ክፍሉ ውስጥ አንዱ ከባዮሎጂ፣ አንዷ ከታሪክ፣ ሌላው ከአካውንቲንግ ይመጣል። ሁሉም ሌላው ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ ይመስለዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማንም እጁን አያወጣም። እነዚህን ሳያቸው ሆዴ ይባባል።

ራንጋናታን የሒሳብ መምህር ነበር። በ1924 የማድራስ ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪያን ሆኖ ሲሾም በቀናት ውስጥ ሥራው ሰለቸውና ወደ ማስተማሩ መልሱኝ አለ። እስቲ መጀመሪያ ለንደን ሄደህ ተማር ተባለ። እዚያ አንድ ሱቅ ውስጥ ሜካኖ የሚባለውን የልጆች መጫወቻ አየ፤ ጥቂት ቁራጮች በተለያየ መንገድ እየተገጣጠሙ ብዙ ነገር ይሆናሉ። በ1933 የታተመው፣ ኮሎን የሚባለው የመጻሕፍት ምደባው መነሻ ይህ ነው። ለእያንዳንዱ ርዕስ አስቀድሞ ቦታ ከመስጠት ይልቅ፣ ርዕሱን ወደ ቁራጭ በትኖ መልሶ መግጠም። ይህ የሒሳብ ሰው አስተሳሰብ ነው። ስለዚህ ያ የአካውንቲንግ ልጅ ስለ በጀት ሲወራ እጁን ያውጣ። የላይብረሪ በጀት ማንበብ የሚችል ሰው ስንት አለን?

ላይብረሪ ውስጥ ሳይሠሩ መመረቅ

በሳምንት ጥቂት ሰዓት ይበቃል። መጽሐፍ የሚዋስበትና የሚመለስበት ሰርኩሌሽን ላይ ቁሙ። «ይህን መጽሐፍ መልሼዋለሁ» ብሎ ከሚምል ሰው ጋር በትሕትና መከራከርን የትኛውም ኮርስ አያስተምርም።

መጽሐፍን ወደ ሼልፍ መመለስ

ይህችን ደግሞ ጨዋነት ነው ብለው የሚያደርጓት አሉ። አንብበው ሲጨርሱ ራሳቸው ሼልፍ ላይ ይሰኩታል። አታድርጉት። ጠረጴዛው ላይ ተዉት። አንደኛ፣ ብዙ ላይብረሪዎች እዚያው የተነበበውን የሚቆጥሩት ከጠረጴዛ ላይ ሲያነሡ ነው። ሁለተኛ፣ ቦታው የተሳሳተ መጽሐፍ የጠፋ መጽሐፍ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ የካታሎግ መማሪያ ለወራት ፈልገን አጣነው። ከ020፣ ከላይብረሪ ሳይንስ ተነሥቶ 200 ውስጥ፣ ሃይማኖት መሐል ተሰክቶ ተገኘ። ማን እንዳስቀመጠው ለማወቅ ብዙ አልለፋንም። ውስጡ የልምምድ ተማሪያችን የሽምደዳ ካርድ ነበር፤ «100 ደራሲ፣ 245 ርዕስ» ይላል።