በበርገን እየተማሩ ተራራ መውጣት፦ ለአዲስ ተማሪ ከሻንጣ ዝግጅት እስከ ሙሉ ቀን ጉዞ

በኖርዌይ ምዕራብ ጠረፍ ወደምትገኘው በርገን ለትምህርት የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ስለ ተራራ ምክር ሲሰጠው ብዙም አይዋጥለትም። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከበርገን ሰባት ተራሮች ትልቁ የሆነው ኡልሪከን ደግሞ 643 ሜትር ብቻ ነው። እንጦጦን በእግሩ የወጣ ሰው ይህን ሲሰማ ዝግጅት የሚያስፈልግ አይመስለውም። ቁጥሩ ግን ያሳስታል። በርገን ላይ ሰውን የሚጎዳው ከፍታው ሳይሆን እርጥበትና ነፋስ አንድ ላይ ሲመጡ ነው። ከተማዋ በዓመት ከ2,200 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ከአዲስ አበባ እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። ዝናቡም እንደ እኛ አገር ወቅት ጠብቆ መጥቶ አይሄድም።

ከዚህ በታች ያለው አዲስ ተማሪ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ትምህርቱንም ተራራውንም አብሮ እንዲይዝ የሚረዳ ቅደም ተከተል ነው። ተራራውን ፈተና ካለቀ በኋላ ለሚተርፍ ጊዜ አታስቀምጡት። ከመኝታ ክፍል፣ ከቤተ መጻሕፍትና ከሱቅ ውጭ ምንም ሳያዩ ሁለት ዓመት ጨርሰው የሚመለሱ ተማሪዎች አሉ፤ እጅግ ያሳዝነኛል። ሁሉም ነገር ውድ በሆነበት አገር ውስጥ ተራራው ምንም አያስከፍልም።

1. ሻንጣው ውስጥ ምን ይግባ?

በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ቆሎና በሶ ያዙ። በሶ በተለይ ለተራራ የተሠራ ምግብ ነው ማለት ይቻላል፤ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ በውኃ ብቻ ይበጠበጣል፣ በፍጥነትም ያጠግባል። ቋንጣና ንጥር ቅቤ ግን እናት ብትለምንም አትያዙ። ከአውሮፓ ውጭ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ ወደ ኖርዌይ መግባት የተከለከለ ስለሆነ ጉምሩክ ላይ ይወሰዳል። ጭኮም በቅቤ ከታሸ እዚያው ውስጥ ይገባል።

ወፍራም የጥጥ ልብስም ሻንጣ አታስጨንቁበት። ምክንያቱን በሦስተኛው ነጥብ አብራራለሁ።

2. ወረቀቱን ቶሎ ጨርሱ

ትምህርት በኦገስት አጋማሽ ይጀመራል። የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የባንክ ሂሳብና በኢንተርኔት ማንነትን የሚያረጋግጠው ባንክ አይዲ እርስ በርሳቸው ስለሚጠባበቁ አንዱ ሲዘገይ ሁሉም ይዘገያል። ቀጠሮዎቹን በደረሳችሁበት ሳምንት ያዙ። እስከዚያው የሚያቆያችሁ ገንዘብ በእጃችሁ ይኑር። ማደሪያችሁ ብዙ የውጭ ተማሪዎች በሚኖሩበት በፋንቶፍት ከሆነ ቀላል ባቡሩ በአቅራቢያችሁ ያልፋል፤ የተማሪ ወርኃዊ ትኬት ግዙ።

3. ልብስ፦ ጋቢና ባና

ጋቢ ደረቅ ሲሆን የሚሰጠውን ሙቀት ሁላችንም እናውቀዋለን። ጥጥ የሚያሞቀው በክሮቹ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው። ሲርስ ያ አየር በውኃ ይተካል፤ ውኃው ደግሞ የሰውነትን ሙቀት እየወሰደ፣ ነፋስ ሲነካው እየተነነ ያቀዘቅዛል። ሱፍ እንዲህ አይደለም። ረጥቦም ቢሆን ከጥጥ ይልቅ ሙቀት ይዞ ይቆያል። የመንዝ ሰው በብርዱ ላይ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና የሚደርበው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኖርዌያውያንም ሰውነታቸውን በሚነካው ልብስ ላይ የሚከተሉት ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ለተራራ ጥጥ ካናቴራም ሆነ ጂንስ አትልበሱ። ከሥር ስስ የሱፍ ልብስ፣ ከላዩ ሌላ የሱፍ ወይም የፍሊስ ሹራብ፣ ከሁሉም በላይ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ ይሁን። ሽቅብ ስትወጡ አንዱን አውልቁ፤ ላብም ልብስ ያረጥባል። ጫፍ ላይ ስትቆሙ ሳይበርዳችሁ መልሳችሁ ልበሱ። ጫማው ወፍራም የሱፍ ካልሲ የሚያስገባ ሰፋ ያለና ሶሉ የማያንሸራትት ይሁን። ዣንጥላ እርሱት፤ ነፋስ በሚበዛበት ቀን የተሰባበረ ዣንጥላ በየመንገዱ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ውስጥ ታያላችሁ።

ይህ ሁሉ በአዲስ ከተገዛ የአንድ ወር የምግብ ገንዘብ ይበላል። ነገር ግን ቡአ የሚባል ድርጅት የድንኳን፣ የቦርሳና የበረዶ መንሸራተቻ ዕቃ በነጻ ያውሳል። ፍሬቴክስ በሚባሉት የሳልቬሽን አርሚ ሱቆችና ፊን በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ያገለገለ ዕቃ በርካሽ ይገኛል። በአዲስ የምትገዙት ነገር ካለ የሱፍ የውስጥ ልብሱና የዝናብ ጃኬቱ ይሁን፤ እነዚህ ሁለቱ ላይ መቆጠብ አያዋጣም።

4. ሳምንቱን እንዴት እናደራጅ?

መደበኛው የትምህርት ጭነት በአንድ ሴሚስተር 30 ክሬዲት ነው። የክፍል ሰዓቱ ከአገር ቤቱ ያነሰ ይመስላል፤ ቀሪው ግን በራስ ንባብ ይሞላል፤ በብዙ ኮርሶችም ውጤቱን የሚወስነው የመጨረሻው ፈተና ነው። የተማሪ ፈቃድ በትምህርት ወቅት በሳምንት እስከ 20 ሰዓት እንድትሠሩ ያስችላል። ሃያውንም ሰዓት መሥራት ግን ከንባብና ከእንቅልፍ ይነጥቃል፤ ከቻላችሁ ከዚያ በታች ይሁን።

ለተራራው ሁለት ቋሚ ቦታ ስጡት። አንዱ በሳምንቱ መካከል ከክፍል በኋላ የሚደረግ አጭር መውጣት፣ ሌላው ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው። እሁድ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለእንጀራ መጋገርና ለልብስ አጠባ ይተርፋል። ጤፍ በስደተኞች ሱቆች ይሸጣል። ቡሖው በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ለመቡካት ከአዲስ አበባው ብዙ ጊዜ ስለሚፈልግ ሐሙስ ወይም ዓርብ አቡኩትና ከማሞቂያው አጠገብ አኑሩት።

በቋሚው ቀን ዝናብ ቢጥልስ? ሂዱ። በዓመት ከ200 ቀናት በላይ በሚዘንብበት ከተማ ደረቅ ቀን የሚጠብቅ ሰው ከቤቱ አይወጣም። የምትቀሩት ነፋሱ ሲበረታ ነው። በቀላሉ ለማስታወስ፦ ዝናብ ልብስ ያስለውጣል፣ ነፋስ ዕቅድ ያስለውጣል።

5. ከዝቅተኛው ጀምሩ

መጀመሪያ ፍሎየን ነው። ከመሐል ከተማ ዳገቱን የሚወጣ ባቡር ከ1918 ጀምሮ አለ፤ እናንተ ግን በእግር ውጡ። ወደ 320 ሜትር ከፍታ በጥርጊያ መንገድ እያዞረ ይወስዳችኋል፤ በዝግታ የሚሄድም ሰው በአንድ ሰዓት አካባቢ ይደርሳል። ከላይ ከተማዋንና የባሕር ወሽመጡን እያያችሁ በሶውን በጥብጡ። ኖርዌያውያንም ከቤት ያመጡትን ዳቦ በወረቀት ጠቅልለው ይበላሉ፤ ከቤት የመጣ ምግብ ማንንም አያሳፍርም።

ፍሎየንን ሳታለከልኩ መውጣት ስትጀምሩ ስቶልትሰክላይቨን ወደሚባለው ቀጥ ያለ የድንጋይ ደረጃ እለፉ። ከዚያ ቀጥሎ ኡልሪከን ይምጣ። ወደ እሱ የሚያስወጣው የድንጋይ ደረጃ 1,333 እርከን ያለው ሲሆን የሠሩት ከኔፓል የመጡ ሼርፓዎች ናቸው። ሲዘንብ ድንጋዩ ስለሚያሟልጭ መውረዱ ከመውጣቱ ይከብዳል።

በጫካ መንገድ ላይ ሌላም ነገር ታገኛላችሁ። በአውቶቡስ ውስጥ አጠገባችሁ የማይቀመጠው ሰው ተራራ ላይ ሲያገኛችሁ ፈገግ ብሎ ሰላም ይላችኋል። የክፍል ጓደኛችሁን ሻይ እንጠጣ ከማለት ይልቅ ቅዳሜ ኡልሪከን እንውጣ ብትሉት እሺ የማለቱ ዕድል ይበልጣል። ብቸኝነት ለሚያስጨንቀው ተማሪ ከዚህ የተሻለ በር አላውቅም።

6. ከመውጣታችሁ በፊት በየጊዜው የምታደርጉት

ይር የተባለውን የአየር ትንበያ ክፈቱና የከተማውን ሳይሆን የተራራውን ጫፍ ተመልከቱ። ከዝናቡ በፊት የነፋሱን ፍጥነት አንብቡ። ካርታውን ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ በስልካችሁ ላይ አውርዱ። ስልኩን ከሰውነታችሁ አጠገብ ባለ ኪስ ያዙት፤ ባትሪ በብርድ ቶሎ ያልቃል። የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ አብሯችሁ ለሚኖር ሰው ንገሩ። ቦርሳው ውስጥ ትርፍ ሹራብ፣ ጓንት፣ ኮፍያ፣ የግንባር መብራትና ከምትበሉት በላይ ምግብ ይኑር።

ኖርዌያውያን ዘጠኝ የተራራ ደንቦች አሏቸው። በ1967 የፋሲካ በዓል ሰሞን ብዙ ሰዎች ተራራ ላይ ከሞቱ በኋላ በመላው አገሪቱ በስፋት የተሰበኩ ናቸው። ከሁሉም አስቀድማችሁ ልብ ልትሉት የሚገባው በጊዜ መመለስ እንደማያሳፍር የሚናገረው ነው። በእኛ ዘንድ ጀምሮ መተው እንደ ድክመት ይቆጠራል፤ በተለይ ወንዶች ልጆች በጓደኛ ፊት ይከብዳቸዋል። ተራራው ግን በሚቀጥለው ቅዳሜም እዚያው አለ።

አብሯችሁ ያለ ሰው አጥብቆ ከተንቀጠቀጠ፣ ንግግሩ ከተንተባተበ፣ ዚፑን መዝጋት ካቃተው ወይም ሲሄድ ከተደነቃቀፈ ሰውነቱ እየቀዘቀዘ ነው። እርጥቡን ልብስ ለውጡለት፣ ከነፋስ ጋርዱት፣ ጣፋጭ ነገር አብሉት፣ ወደ ታችም ውረዱ። መንቀጥቀጡ ቆሞ ሰውየው ከደነዘዘ ደግሞ ባሰበት እንጂ ዳነ ማለት ስላልሆነ በእግሩ እንዲሄድ ሳታስገድዱት ወዲያው ወደ 113 ደውሉ። መንገድ ከጠፋባችሁ ፖሊስ በ112 ይገኛል። የነፍስ አድን ሥራው ክፍያ ስለሌለው ወጪ ፈርታችሁ ከመደወል አትቆጠቡ።

7. ውጭ ማደር

በኖርዌይ ሕግ ማንኛውም ሰው፣ የውጭ ተማሪም ጭምር፣ ባልታረሰና ባልታጠረ መሬት ላይ በእግሩ የመሄድ፣ ድንኳን የመትከልና የዱር እንጆሪ መሰል ፍሬዎችን የመልቀም መብት አለው። ይህ ጥንታዊ ልማድ በ1957 በሕግ ጸድቋል። ድንኳኑ ሰው ከሚኖርበት ቤት ቢያንስ 150 ሜትር መራቅ አለበት፤ መንደር በቀረበበት ቦታ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ከሁለት ሌሊት በላይ አይታደርም። ከኤፕሪል 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 በጫካ ውስጥና በአቅራቢያው ክፍት እሳት ማንደድ ክልክል ነው። ቆሻሻችሁን በሙሉ ይዛችሁ ተመለሱ።

ድንኳን ለማይወድ ሰው በ1868 የተመሠረተው የኖርዌይ የጉዞ ማኅበር በመላው አገሪቱ የተራራ ጎጆዎች አሉት። ለወጣቶች የአባልነት ክፍያው ይቀንሳል። አባል ስትሆኑ አብዛኛዎቹን ሠራተኛ የሌላቸውን ጎጆዎች የሚከፍት ቁልፍ ማግኘት ትችላላችሁ። በአንዳንዶቹ የታሸገ ምግብ ተደርድሮ ይቆያችኋል፤ የወሰዳችሁትን መዝግባችሁ ትከፍላላችሁ፣ የሚቆጣጠራችሁ የለም። እንጨት ፈልጡ፣ ውኃ ቅዱ፣ ስትሄዱም ጠርጉ። የሰው አደራ ነውና ከገባችሁበት አጽድታችሁ ውጡ።

8. የጨለማው ወቅት

በዲሴምበር መጨረሻ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ45 አካባቢ ሲሆን ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ትጠልቃለች። ከምድር ወገብ ብዙ ሳይርቅ ላደገ ሰው ይህ ከብርዱ ይልቅ ይከብዳል። እንቅልፍ ይዛባል፣ ልብም ይከፋል። በእነዚህ ሳምንታት የመውጫ ሰዓታችሁን ወደ እኩለ ቀን አምጡት፤ አጭር ይሁን እንጂ አይቅር። ቫይታሚን ዲ ውሰዱ፤ ጥቁር ቆዳ ያለን ሰዎች ለእጥረቱ ይበልጥ ተጋላጭ ነን። በልብሳችሁ ላይ አንጸባራቂ፣ በጫማችሁ ሥር ለበረዶ የሚታሰር ሹል ብረት ይኑር። ከፍ ያለውን ተራራ ከልምድ ካለው ሰው ጋር ካልሆነ እስከ ፀደይ ተዉት። በጁን ፀሐይ እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ትቆያለችና ትካሳላችሁ።

9. ሙሉው ቀን፦ ከኡልሪከን እስከ ፍሎየን

ይህ መንገድ ቪደን ይባላል። ርዝመቱ ወደ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ይወስዳል። አብዛኛው ዛፍ የሌለበት ገላጣ አምባ ስለሆነ ከነፋስ መሸሸጊያ የለውም። ከሜይ መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር ባለው ጊዜ፣ ትንበያው ጥሩ በሆነበት ቀን፣ በጠዋት ከኡልሪከን ተነሡ። እንዲህ ከጀመራችሁ ከባዱ ዳገት በጠዋት ያልቅና መጨረሻው መሐል ከተማ ይሆናል። መንገዱን የሚያመለክቱትን የድንጋይ ክምሮች ተከተሉ፤ ጉም ሲወርድ ቀጣዩ ክምር ካልታያችሁ ካላችሁበት አትራቁ፣ ካርታውን አውጡ። በመካከል ወደ ሸለቆ የሚያስወርዱ መንገዶች ስላሉ ከመነሣታችሁ በፊት በካርታው ላይ ምልክት አድርጉባቸው።

ማደሪያችሁ ስትደርሱ የጫማውን የውስጥ ንጣፍ አውጡና ውስጡን በጋዜጣ ሙሉት። ማታ አንድ ጊዜ፣ ከመተኛታችሁ በፊት ሌላ ጊዜ ወረቀቱን ለውጡ። ማሞቂያ ላይ አታስቀምጡት፤ ሙጫው ይለቃል። የሱፉን ልብስ በየጉዞው ማጠብ አያስፈልግም፤ በመስኮት ላይ ሌሊቱን ከተሰቀለ ለሚቀጥለው ጉዞ ይደርሳል።