ለዋላና ለድኩላ አደን ጠመንጃና ጥይት ስለ መምረጥ

በሰሜን ሸዋ ጠመንጃ ከመሣሪያነቱ በላይ ክብር ነው፤ ከአባት ለልጅ ይወረሳል፣ በሠርግና በለቅሶ ይያዛል፣ በፉከራና በቀረርቶ ይወደሳል። ለአደን የሚሆን መሣሪያ ወደ መምረጥ ሲመጣ ግን ይኸው ክብር ሰውን ያሳስታል፤ ጠያቂው ሁሉ «የትኛው ጠመንጃ ይበልጣል?» ብሎ ይጀምራልና። ቅደም ተከተሉ መሆን ያለበት ተገላቢጦሹ ነው፦ በመጀመሪያ የሚታደነው እንስሳ ይታወቃል፣ ቀጥሎ እንስሳውን ሳያሠቃይ የሚጥለው አረር፣ ማለትም ከጥይቱ ተወርውሮ የሚመታው ጫፍ፣ ይመረጣል፣ ጠመንጃው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የምጽፈው በአገር ቤት ሕጋዊ ፈቃድ አውጥተው ለሚያድኑ ብቻ ሳይሆን ከደብረ ብርሃን፣ ከመንዝ፣ ከአንኮበርና ከምንጃር ወጥተው በአሜሪካና በአውሮፓ ለሚኖሩ፣ በየዓመቱ የአደኑ ወቅት ሲቃረብ ስልክ እየደወሉ ምክር ለሚጠይቁኝ ዘመዶቼም ጭምር ነው።

ስሙን አስቀድመን እናጥራ። ቀንዱ እንደ ቅርንጫፍ የሚከፋፈለውና በየዓመቱ ቀንዱን ጥሎ እንደገና የሚያበቅለው ዋላ በኢትዮጵያ ዱር የለም። ብዙ ተርጓሚዎች «አጋዘን» ይሉታል፤ የእኛ አጋዘን ግን ጠመዝማዛ ቀንድ ያለው ሌላ እንስሳ ሲሆን ወንዱ ከ190 እስከ 270 ኪሎ፣ አልፎ አልፎም ከዚያ በላይ ይመዝናል። በአሜሪካ በብዛት የሚታደነው ባለ ነጭ ጭራ ዋላ በክብደቱ ለእኛ ድኩላ ይቀርባል፤ የድኩላ ወንድ ከ40 እስከ 80 ኪሎ ሲሆን፣ የባለ ነጭ ጭራው ወንድ ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 130 ኪሎ ይደርሳል። ስለዚህ ለዋላ የሚሆነው ጥይት ለድኩላም ይሆናል፤ ለአጋዘን ግን ከበድ ያለ አረር ያስፈልጋል። ሰስና ሚዳቋ ከ25 ኪሎ የማይበልጡ ትንንሽ እንስሳት በመሆናቸው የዚህ ምክር ጉዳይ አይደሉም።

ሕጉንም በአጭሩ ማንሳት ያስፈልጋል። በወፍ ዋሻ ደን ድኩላ አለ፣ በጓሳም ሰስ ይታያል ተብሎ ጠመንጃ አንግቶ መውጣት ወንጀል ነው፤ የመንዝ ሰው ጓሳን ቄሮ በሚባለው ባህላዊ የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ለብዙ ትውልድ ጠብቆ ያቆየው ለዚህ አይደለም። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 አደንን በፈቃድ ብቻ የሚፈቅድ ሲሆን፣ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ደግሞ መሣሪያውን መያዝ ራሱን የቻለ ፈቃድ እንዲጠይቅ አድርጓል። አንዱ ፈቃድ ሌላውን አይተካም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ዋናው ነገር አረሩ ነው። ልጅ ሳለሁ አንድ አጎቴ ከገደል አፋፍ ተንበርክኮ ከታች በቆመ ድኩላ ላይ ሲተኩስ አይቻለሁ። ጥይቱ ከውትድርና የተረፈ ነበር። ድኩላው አንዴ ዘለል ብሎ ወደ ቁጥቋጦው ገባ፤ ከበስተኋላው ካለው ድንጋይ ላይ አቧራ ብን አለ። አጎቴ «ሳትኩት» ብሎ ተነሣ። በማግስቱ ከዚያ ቦታ ብዙም ሳንርቅ ከጅብ የተረፈውን ቀንድና የቆዳ ብጣሽ አገኘን። አልሳተም ነበር፤ አቧራውን ያስነሣው በድኩላው ሆድ ዕቃ አልፎ የወጣው አረር ነው።

የሆነው ይህ ነው። የውትድርና አረር እርሳሱ ከአፍንጫው ጀምሮ በመዳብ ቅይጥ ተሸፍኖ ስለሚሠራ ሥጋ ሲነካ ቅርጹን አይለውጥም፤ ቀጭን ቀዳዳ በስቶ ይወጣል፣ ደሙም ወደ ውጭ እምብዛም ስለማይፈስ ዱካ አይተውም። የአደን አረር ግን አፍንጫው ላይ እርሳሱ የተገለጠ ወይም ጫፉ ጎድጎድ ያለ ነው፤ ሲመታ እንደ እንጉዳይ ተከፍቶ ከመጀመሪያ ውፍረቱ እጥፍ ገደማ ይሰፋል፣ ሳንባና ልብ የሚደርስ ሰፊ ቁስል ከፍቶ እንስሳውን በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ ይጥለዋል። በርካታ የአሜሪካ ግዛቶች ሙሉ ሽፋን ያለውን አረር ለዋላ የከለከሉት፣ የእንግሊዝም ሕግ አፍንጫው ለስላሳ ወይም ጎድጓዳ የሆነ አረር የሚያስገድደው በዚህ ምክንያት ነው። ከእርሳስ ነፃ የሆነ፣ ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራ አረርም አለ፤ እርሳሱ ተፈረካክሶ በሥጋው ውስጥ ስለሚቀር ሥጋውን ለልጆቹ የሚያበላ ሰው ቢመርጠው መልካም ነው፤ በካሊፎርኒያማ ከ2019 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ ለማንኛውም አደን ግዴታ ሆኗል።

የአረሩ ዓይነት ከተወሰነ በኋላ የካሊበሩ፣ ማለትም የአረሩ ውፍረት ልክ፣ ምርጫ ሰው እንደሚያካብደው ከባድ አይደለም። እኔ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል .308 ዊንቸስተርን እመርጣለሁ፤ በ1952 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበ ሲሆን 150 ግሬን፣ ማለትም 9.7 ግራም ገደማ የሚመዝነውን አረር በሰኮንድ 860 ሜትር አካባቢ ይወረውራል፣ ከአፈሙዙ ሲወጣም ወደ 3,600 ጁል ጉልበት ይኖረዋል፤ ጥይቱም በየሱቁ ይገኛል። .270 እና .30-06 ከእርሱ የሚያንሱበት ነገር የለም፤ .30-06 በተለይ 180 ግሬን አረር ሲጎርስ እስከ አጋዘን ድረስ ይበቃል። ትከሻው ግፊት ለማይወድ፣ ለጀማሪም ሆነ ሰውነቱ ቀጠን ላለ ሰው .243 ወይም 6.5 ክሪድሙር ይሻላል። በእነዚህ በደንብ የሚመታ ሰው፣ ግፊቱን ፈርቶ ዓይኑን እየጨፈነ በትልቅ ጠመንጃ ከሚተኩስ ሰው የተሻለ አዳኝ ነው። ትልቅ ካሊበር መጥፎ አተኳኮስን ያካክሳል የሚለው እምነት በእኛም አገር በውጭም ሥር የሰደደ ቢሆንም፣ ሆዱ ላይ የተመታ ዋላ በምንም ዓይነት ጥይት ቢመታ ሮጦ ይጠፋል።

የየአገሩን ዝቅተኛ ልክ አስቀድሞ ማወቅም ግድ ነው። በቨርጂኒያ ለዋላ ከ.23 ኢንች ያነሰ ካሊበር ስለማይፈቀድ .223 ይዞ የወጣ ሰው ይቀጣል። በጀርመን ለትንሹ ዋላ በ100 ሜትር ላይ ቢያንስ 1,000 ጁል፣ ለትልልቆቹ ደግሞ ቢያንስ 6.5 ሚሊሜትር ካሊበርና 2,000 ጁል ይጠየቃል።

«ክላሽ አይሆንም ወይ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣብኛል። የክላሹ 7.62 በ39 ጥይት ለስላሳ አፍንጫ ባለው የአደን አረር ከተሠራ እስከ 120 ሜትር አካባቢ ድኩላ የሚያህለውን እንስሳ ይጥላል፤ ከአፈሙዙ ሲወጣ 2,000 ጁል ገደማ ስለሆነ ግን ርቀቱ ሲጨምር ቶሎ ይዳከማል። በእጃችን የሚገኘው ጥይት ደግሞ የውትድርናው ነው፤ ስለዚህ መልሴ አይሆንም ነው።

በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ያለው በልጅግ የሚባለው አሮጌ የቤልጂየም ጠመንጃ ግን ሌላ ነገር ነው። 7.92 በ57 ማውዘር ጥይት የሚጎርስ በመሆኑ፣ ጥሩ የአደን ጥይት ከተገኘለት ከ.308 ብዙም አይርቅም። ሁለት ነገር ሳይረጋገጥ ግን አይተኮስም። አንደኛ፣ በዚህ ስም የሚጠሩ፣ አረራቸው 8.1 እና 8.2 ሚሊሜትር የሆነ ሁለት ዓይነት ጥይቶች ስላሉ በቀደመው ጠባብ አፈሙዝ ውስጥ ሰፊው አረር ቢተኮስ አደጋ ያመጣል፤ አፈሙዙን የጠመንጃ ባለሙያ ይለካው። ሁለተኛ፣ ቀለሁ አረንጓዴ ዝገት የያዘ ወይም አንገቱ የተሰነጠቀ ጥይት፣ ከአባት የተወረሰ ቢሆንም እንኳ፣ ወደ ጠመንጃ አይገባም።

ስለ ጠመንጃው ራሱ ብዙ የምለው የለም። በእጅ እየተሳበ የሚጎርሰው ቀላል፣ አስተማማኝና ለማጽዳት የማያስቸግር ነው። ሰደፉ ትከሻ ላይ ሲያርፍ ጉንጭ ሳይንጠራራ ማነጣጠሪያው ላይ መድረስ አለበት። ከነመነጽሩ ከአራት ኪሎ ብዙ ከበለጠ፣ ወደ ገደል ወርዶ መልሶ የወጣ ሰው ምን ለማለት እንደፈለግሁ ያውቃል። መነጽሩም አራት እጥፍ የሚያቀርብ ቢሆን በቂ ነው፤ በሱቅ የሚወደሰው ሃያና ሃያ አምስት እጥፍ የሚያቀርበው ቅርብ ያለውን እንስሳ በቁጥቋጦ ውስጥ ፈልጎ ለማግኘት ያስቸግራል።

በአገራችን መልክዓ ምድር ልዩ ትኩረት የሚሻው የቁልቁለት ተኩስ ነው። ከጣርማ በር አፋፍ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል እንደሚያይ ሰው ብናስብ፣ በ30 ዲግሪ ቁልቁለት 200 ሜትር ርቆ የሚታይ ዒላማ በአግድም ሲለካ 173 ሜትር ብቻ ነው፤ አረሩ ምን ያህል ወደ ታች እንደሚወርድ የሚወስነው የአግድሙ ርቀት ስለሆነ ለ200 ሜትር ብሎ ከፍ አድርጎ ያነጣጠረ ሰው ከጀርባው በላይ ይስታል። ቁልቁልም ሆነ ሽቅብ ሲተኮስ ስህተቱ ወደ ላይ ነው። የከፍታው ጉዳይ ግን ሰው እንደሚፈራው አይደለም፤ 2,800 ሜትር ገደማ በሆነው ደብረ ብርሃን ዒላማው የተስተካከለ ጠመንጃ 1,300 ሜትር ገደማ ወደሆነው ሸዋ ሮቢት ቢወርድ አየሩ ስለሚወፍር አረሩ ጥቂት ዝቅ ይላል፤ በ200 ሜትር ላይ ልዩነቱ ከጣት ወርድ አይበልጥም።

ዒላማ ሲስተካከል አረሩ በ100 ሜትር ላይ 5 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ እንዲመታ ይደረግ፤ ያን ጊዜ ከ.308 ጋር ለሚቀራረቡት ጥይቶች በ200 ሜትር ዒላማው ላይ ያርፋል። የራስን ርቀት ለማወቅ ደግሞ አንድ የሻይ ሳህን የሚያህል ክብ ወረቀት ሰቅሎ፣ ተኝቶ ሳይሆን ተንበርክኮ አምስት ጥይት መተኮስ ነው። አምስቱም ክቡ ውስጥ የሚያርፉበት ርቀት 90 ሜትር ከሆነ፣ ጠመንጃው 300 ሜትር ቢደርስም የዚያ ሰው የአደን ርቀት 90 ሜትር ነው። ጥይት ሲገዛም ዒላማው የተስተካከለበትን ዓይነት፣ ከአንድ ፋብሪካ የወጣና በአረር ክብደቱ አንድ የሆነ፣ ለልምምዱና ለአደኑ በአንድ ጊዜ መግዛት ይገባል፤ ሌላ ዓይነት ከተገዛ ዒላማው እንደገና ይስተካከላል።