«በብር ሲመታ ስንት ይሆናል?» አሜሪካንና ኢትዮጵያን ስናወዳድር የምንሠራቸው ስህተቶች

የአክስቴ ልጅ ሜሪላንድ ነው የምትኖረው። በሰዓት 18 ዶላር ይከፈላታል። አዲስ አበባ ያለው ወንድሟ ይህን በሰማ ቁጥር ስልኩን አውጥቶ ያባዛል። «በወር ከ400 ሺህ ብር በላይ! ታዲያ ምን ጎደለባትና ታማርራለች?» እሷ ደግሞ ለገና ስትመጣ ማኪያቶ ጠጥታ ሂሳቡን ወደ ዶላር ትቀይረዋለች። «ይሄማ በነፃ ማለት ነው» ትላለች። ሁለቱም ሂሳቡን አልሳቱም። የሳቱት ነገሩን ነው።

በምንዛሪ ማባዛት

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በወር 20 ሺህ ብር የሚያገኝ ሰው ደሞዙ በዶላር ሲታይ ከ350 ወደ 200 በታች ወረደ ማለት ነው። የሰውየው ኑሮስ? ዘይትና መድኃኒት እየተወደደ ሄዷል፤ እሱ አይካድም። ግን እንጀራው፣ የቤት ኪራዩና የታክሲ ሂሳቡ በዚያው ሳምንት እጥፍ አልሆኑም። ምንዛሪና ኑሮ እኩል አይራመዱም።

ለዚህ ነው የዓለም ባንክ አገሮችን ሲያወዳድር የመግዛት አቅምን የሚያሰላው። ተመሳሳይ ዕቃና አገልግሎት እዚህና እዚያ ስንት ያወጣል ነው ጥያቄው። እሱም ቢሆን ለአንተ ልክ ላይሆን ይችላል። ፀጉር መቆረጥ አዲስ አበባ ርካሽ ነው። መኪና ግን ሌላ ጉድ ነው፤ አሮጌ ቪትዝ እዚህ በሚጠራበት ዋጋ አሜሪካ ደህና መኪና ይገዛል። ስለዚህ የራስህን ዘንቢል ይዘህ አስላ።

ደሞዙን አይቶ ቢሉን መርሳት

ኪራይ፣ የጤና ኢንሹራንስ፣ የመኪና ኢንሹራንስ፣ የልጅ መዋያ። በተለይ የመጨረሻው። ብዙ እናቶች ከኢትዮጵያ «ልጄን ልጠይቅ» ብለው ሄደው ስድስት ወር የልጅ ልጅ ሲያሳድጉ የሚከርሙት ናፍቆት ብቻ ይዟቸው አይደለም።

ሕጉን አንብቦ መፍረድ

ይሄ የተማሩ ሰዎች ስህተት ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የግል አሠሪ ለወለደች ሠራተኛ ደሞዝ እየከፈለ ፈቃድ እንዲሰጥ አያስገድድም። መስፈርቱን ለምታሟላ 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ይፈቅዳል፤ ከክፍያ ጋር የሚሰጡት አንዳንድ ግዛቶች ናቸው። የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ደግሞ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደሞዙ ይሰጣል። ታዲያ እኛ በለጥን? ጉሊት ለምትሸጠዋ ሴት ይህ አዋጅ ምኗም አይደለም፤ አሠሪ የላትም። የቤት ሠራተኛዋንም አይመለከታትም። ሕግ ስታወዳድር ስንቱ ሰው ጋ እንደሚደርስም ጠይቅ።

አማካይን እንደ ሰው መቁጠር

የአሜሪካ ዓመታዊ ምርት ለሕዝቡ ሲካፈል ለአንድ ሰው፣ ጡት የሚጠባው ሕፃን ሳይቀር፣ ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ይደርሳል። በዚህ ስሌት አራት ነፍስ ያለው ቤተሰብ 320 ሺህ ሊኖረው ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ2023 መሐል ላይ ያለው ቤተሰብ ገቢ ለመላው ቤተሰብ 80 ሺህ ገደማ ነበር። አየርላንድ ደግሞ ትገርማለች። እ.ኤ.አ. በ2015 ምርቷ በአንድ ዓመት 26 በመቶ አደገ ተባለ። አብዛኛው ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች ንብረታቸውን እዚያ ስላስመዘገቡ የመጣ ነበር። ደብሊን ያለው ሾፌር ኪሱን ቢፈትሽ ያን 26 በመቶ አያገኘውም።

እኩያ ያልሆኑ ሰዎችን ማነጻጸር

ከሁሉም የባሰው ይሄ ይመስለኛል። ቦሌ ትልቅ ግቢ፣ ሠራተኛ፣ ዘበኛና ሹፌር ያለውን ሰው ወስደን ዋሽንግተን ፓርኪንግ ከሚሠራው ጋር እናስተያያለን። «ምን አሜሪካ አሜሪካ ትላላችሁ፣ እዚህ ንጉሥ ሆኖ መኖር ሲቻል!» እንላለን። ንጉሥ የሆነው እኮ ሠራተኛዋ የሚከፈላት ትንሽ ስለሆነ ነው። አሜሪካ ኢንጂነሩ ራሱ ሳህን የሚያጥበው ትሑት ስለሆነ እንዳይመስልህ፤ የሰው ጉልበት ውድ ስለሆነ ነው። ጥያቄውን ለሠራተኛዋ ብታቀርበው መልሱ ይገለበጣል። እሷ ቤይሩት ወይም ሪያድ ለመሄድ ገንዘብ እያጠራቀመች ሊሆን ይችላል።

ለእረፍት መጥቶ መፍረድም ያው ነው። ሁለት ሳምንት በዶላር መዝናናት ኑሮ አይባልም። ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ሮቶ ሳይኖርህ ሦስት ወር ከርመህ ተናገር።

የማይቆጠረውን መርሳት፣ ወይም ማጋነን

ኮስታሪካ የነፍስ ወከፍ ገቢዋ የአሜሪካን አንድ አምስተኛ ያህል ነው። የሰዋቸው ዕድሜ ግን ከአሜሪካኖቹ አያንስም፤ እንዲያውም ትንሽ ይበልጣል። ፓኪስታናዊው የኢኮኖሚ ባለሙያ ማህቡብ ኡል ሐቅ እ.ኤ.አ. በ1990 የሰብአዊ ልማት መለኪያን ይዞ ሲመጣ ዕድሜንና ትምህርትን ከገቢ ጎን ያስቀመጠው ገንዘብ ብቻውን ስለማይናገር ነው። በዚህ ሚዛን የእኛም አገር መንገድ ይታያል። በዚያን ጊዜ ከ50 ዓመት በታች የነበረው አማካይ ዕድሜ ዛሬ ከ65 አልፏል።

የእኛ ሰው ግን ወደ ሌላኛው ጫፍ ይሮጣል። «እኛ እድር አለን፣ ጎረቤት አለን፣ ፍቅር አለን።» እውነት ነው። ግን እድር ዋሽንግተንም አለ። ደግሞም ጎረቤት መጥቶ ሲጠይቅህ ደስ ይላል እንጂ ኩላሊትህን አያጥብልህም።

ባለፈው ገና ወንድምና እህቱን አንድ ወረቀት ላይ አስቀመጥኳቸው። ብርም ዶላርም ተከለከለ፤ በሥራ ሰዓት ብቻ ጻፉ አልኳቸው። አንድ ኪሎ ሥጋ ለእሷ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ሥራ ነው። ለእሱ ከአንድ ሙሉ ቀን በላይ። «አላልኩም?» አለ። ኪራይ ላይ እሷ የወሩን ግማሽ ጻፈች። እሱ ዜሮ። ለካ የሚኖረው እናቱ ቤት ነው! ቀጥሎ የልጅ መዋያ መጣ። እሷ ሌላውን ግማሽ ጻፈችና እስክሪብቶውን አስቀመጠች። ሥጋውንም፣ መብራቱንም፣ ስልኩንም በባሏ ደሞዝ ነው የሚሸፍኑት። ወንድሟ ወረቀቱን ትንሽ አየና ስልኩን ኪሱ ከተተ።