የግራናይቱ ቀዳዳ ከስር መርገፉን እንዴት አቆምኩት

ለወጥ ቤት ቧንቧ 35 ሚሊሜትር ቀዳዳ ነው የምበሳው። ላዩ አምሮ ይወጣል፣ ግራናይቱን ስገለብጠው ግን የታችኛው ጠርዝ ተበልቷል። ሁለት ጊዜ እንዲህ ሆነብኝ።

መጀመሪያ ያማሁት የዳይመንድ ቢቱን፣ ማለትም ጫፉ ላይ የአልማዝ ቅንጣት ያለውን የድሪል መብሻ ነበር። አዲስ ገዛሁ። ያው ነው! ጥፋቱ የእጄ ነበር። ቢቱ ሊወጣ ሲል የሚቀረው ድንጋይ ስስ ነው። እኔ ደግሞ ለመጨረስ ቸኩዬ በሙሉ ክብደቴ እጫነዋለሁ። ስለዚህ ሳይቆረጥ ይሰበራል።

አሁን ከስር ደልዳላ ጣውላ አስጠግቼ በሞርሳ ጥብቅ አድርጌ አስራለሁ። ቢቱ ድንጋዩን ጨርሶ እንጨቱ ውስጥ ይገባል። የመጨረሻዎቹ 5 ሚሊሜትር ላይ እጄን አላላለሁ፣ ድሪሉ በራሱ ክብደት ይሂድ። ማርሹ ዝቅተኛው ላይ፣ ሃመሩ (ድሪሉ እየመታ የሚበሳበት) የጠፋ። ሃመር ተከፍቶ ግራናይት የሚበሳ ሰው አይቻለሁ፤ ውጤቱን አልነግራችሁም።

ሲጀመር ቢቱ እንዳይንሸራተት ቀዳዳ ያለው ኮምፔንሳቶ ከላይ አስራለሁ። ዙሪያውን በጭቃ ከብቤ ውሃ እሞላለሁ። በየመሃሉ ቢቱን ከፍ ሳደርግ ነጩ ዝቃጭ ይወጣል፣ ውሃም ይገባል። ውሃው ግን ድሪሉ ሞተር እንዳይደርስ፤ ኤሌክትሪክ ነው።

አሮጌው ቢትስ? ለካ አልሞተም። ዳይመንዱ ተሸፍኖ ለስልሶ ነው እንጂ። ለስላሳ ሸክላ ጡብ ላይ ጥቂት ጊዜ አስቦረቦርኩት፣ እንደገና መቁረጥ ጀመረ። የአዲሱ ብር ግን ሄዷል።