ግሪን ካርድ ላለው ሰው ቤተሰብ፦ የቪዛው ተራ እስኪደርስ ድሬዳዋና ሐረር ላይ የሚሠራ ሥራ

የትዳር ጓደኛቸው ወይም ወላጃቸው በአሜሪካ ቋሚ ነዋሪ የሆነላቸውና ድሬዳዋ ወይም ሐረር ተቀምጠው ፕሮሰሳቸውን የሚጠብቁ ቤተሰቦች በቅድሚያ የሚያነሡት ጥያቄ፣ ማመልከቻው እስኪጸድቅ ድረስ ወደዚያ ሄዶ አብሮ ለመጠበቅ የሚያስችል ጊዜያዊ ቪዛ አለ ወይ የሚል ነው። ዛሬ ለሚጀምር ሰው የለም። «ቪ» የተባለው ቪዛ ለዚሁ ጉዳይ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ቢሆንም፣ የሚያገለግለው ማመልከቻቸው እስከ ዲሴምበር 21 ቀን 2000 ድረስ ለገባላቸው ብቻ ነው። «ኬ-3» የሚባለውም የአሜሪካ ዜጎችን የትዳር ጓደኞች እንጂ የግሪን ካርድ ባለቤቶችን አይመለከትም። ስለዚህ በጎን የሚያስገባ ቪዛ አለኝ እያለ ቀብድ የሚጠይቅ ደላላ ሲመጣ ወሬውን ሳይጨርስ መሸኘት ይሻላል።

የጉብኝት ቪዛ መሞከር አይከለከልም፤ ነገር ግን ዲኤስ-160 የተባለው ቅጽ የኢሚግሬሽን ማመልከቻ ገብቶላችሁ ያውቃል ወይ ብሎ በግልጽ ይጠይቃል። እውነቱን የመለሰ ሰው ወደ አገሩ እንደሚመለስ ቆንስሉን ማሳመን ይከብደዋል፤ የዋሸ ደግሞ ሐሰቱ ሲገኝ ዋናውን ቪዛም ሊያጣ ይችላል።

እንግዲህ መንገዱ ቋሚ ነዋሪው አሜሪካ ሆኖ ለቤተሰቡ የሚያስገባው አይ-130 የተባለው ማመልከቻ ነው። የቋሚ ነዋሪው የትዳር ጓደኛና ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ያላገቡ ልጆቹ «ኤፍ-2-ኤ» በተባለው ምድብ፣ 21 ዓመት የሞላቸው ያላገቡ ልጆች ደግሞ ተራው በሚረዝመው «ኤፍ-2-ቢ» ይገባሉ። ወላጅን፣ ወንድምና እህትን፣ ያገባ ልጅንም ማስመጣት የሚቻለው ዜግነት ከተገኘ በኋላ ነው። አይ-130 ከመሙላት በፊት ግን ትዳሩ የተመሠረተው አመልካቹ ግሪን ካርዱን ከማግኘቱ አስቀድሞ መሆን አለመሆኑ ይጣራ፤ ከቀደመ ሌላ መንገድ ሊኖር ይችላል። በጥገኝነት ወይም በስደተኝነት የገባ ሰው ያንን ደረጃ ባገኘ በ2 ዓመት ውስጥ አይ-730 በተባለው ቅጽ ቤተሰቡን ሊያስመጣ ይችላል፤ በዲቪ የሄደ ሰው ቤተሰብ ደግሞ የዲቪው በጀት ዓመት በሴፕቴምበር 30 ከመዘጋቱ በፊት ቪዛውን ማግኘት አለበት።

የአይ-130 መጽደቅ ብቻውን ቪዛ አያሰጥም። ማመልከቻው የገባበት ቀን የወረፋ ቁጥር ሆኖ ይቆያል፤ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በየወሩ በሚያወጣው ቪዛ ቡለቲን በተባለው የወረፋ ሰንጠረዥ ላይ ተራው መድረሱ ይታያል። ኢትዮጵያ የራሷ ዓምድ ስለሌላት፣ በስም ያልተጠቀሱ አገሮች ሁሉ የሚካተቱበትን የመጀመሪያውን ዓምድ ማንበብ ነው። ቡለቲኑ ያለ ክፍያ የሚነበብ ስለሆነ ለዚህ ብሎ ጉዳይ አስፈጻሚ መቅጠር አያስፈልግም።

በዚህ በኩል ያለው ዋና ሥራ ሰነድ ነው፤ ብዙ ፋይል የሚጓተተውም እዚህ ላይ ነው። በሸሪዓ ሥርዓት ወይም በቤተ ክርስቲያን የተፈጸመ ጋብቻ በአገራችን ሕግ የታወቀ ቢሆንም በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ የምስክር ወረቀት ሊወጣለት ይገባል። ከዚህ የሚከብደው በወኪል የታሰረው ኒካህ ነው። ሙሽራው አሜሪካ ሆኖ ወኪሉ እዚህ ቢያስርለት፣ ጥንዶቹ ከኒካሁ በኋላ በአካል ተገናኝተው እንደ ባልና ሚስት ካልኖሩ በስተቀር የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ጋብቻውን አይቀበለውም። ስለሆነም አይ-130 ከዚያ ግንኙነት በኋላ ይግባ፤ የጉዞ ትኬት፣ ፓስፖርት ላይ የተመታ ማኅተምና ከኒካሁ በኋላ አብረው የተነሡት ፎቶግራፍ አብረው ይያያዙ።

የልደት ቀን ሌላው ነው። ታኅሣሥ 25 ቀን 2003 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 3 ቀን 2011 ነው የተወለደው፤ በየኢንተርኔት ቤቱ ቅጽ የሚሞላው ሰው ግን በልማድ 7 ዓመት ደምሮ 2010 ብሎ ይጽፋል። በልደት ምስክር ወረቀቱ፣ በፓስፖርቱና በአይ-130 ላይ ያለው ቀን አንድ መሆኑን አጠገቡ ቁጭ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የአባትና የአያት ስም በላቲን ፊደል የተጻፈበት አኳኋንም እንዲሁ፤ መሐመድ የሚለው ስም በሦስት ሰነድ በሦስት ዓይነት ፊደል ተጽፎ ቢገኝ ሊያስጠይቅ ይችላል። ከ16 ዓመት ዕድሜ በኋላ ጅቡቲ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የኖረ ሰው ከኢትዮጵያው በተጨማሪ የጅቡቲ ፖሊስ ማስረጃም ስለሚጠየቅ፣ በዚያ መስመር ነግደው ለኖሩ ቤተሰቦች ይህን አስቀድሞ መጀመር ይበጃል።

የልጆች ዕድሜ በተለየ ጥንቃቄ ይያዝ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የልጆች ጥበቃ ሕግ አይ-130 ለመጽደቅ የፈጀውን ጊዜ ከልጁ ዕድሜ ላይ ይቀንሳል፤ ተራው ሲደርስ 21 ዓመት ከ5 ወር የሆነው ልጅ ማመልከቻው 10 ወር ፈጅቶ ከነበረ በሕጉ ስሌት 20 ዓመት ከ7 ወሩ ነው። ተራው በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ግን የቪዛውን ሂደት መጀመር አለበት። ጋብቻ ላይ ምሕረት የለም፤ የቋሚ ነዋሪ ልጅ ካገባ ማመልከቻው ይወድቃል፤ ስለዚህ ሽማግሌ ቢላክ እንኳ ልጅቷ አሜሪካ እስክትገባ ይቆይ።

አመልካቹ በቋሚ ነዋሪነት 5 ዓመት ሊሞላው 90 ቀን ሲቀረው ለዜግነት ማመልከት ይችላል። ዜጋ ሲሆን የትዳር ጓደኛው ከወረፋው ትወጣለች፤ ነገር ግን በእናታቸው ፋይል ሥር ብቻ የተመዘገቡ ልጆች ተከትለው መግባታቸው ይቀርና ለእያንዳንዳቸው የራሳቸው አይ-130 ያስፈልጋል። ክፍያው ቢበዛም ከመጀመሪያው ለየልጁ ለብቻ ማስገባትን እመርጣለሁ። ለዓረፋ ወይም ለገና መጥቶ ከ6 ወር በላይ መቆየት የ5 ዓመቱን ቆጠራ ሊያቋርጥ ስለሚችል ናፍቆቱን አጠር አጠር ባለ ጉዞ መወጣት ነው።

ተራው ሲቃረብ ናሽናል ቪዛ ሴንተር የተባለው ፋይሉን የሚያዘጋጅ የአሜሪካ ቢሮ ክፍያ፣ ዲኤስ-260 የተባለውን የኢሚግራንት ቪዛ ቅጽ እና የስፖንሰር ሰነድ ይጠይቃል። የስፖንሰሩ ገቢ የአሜሪካ መንግሥት በየዓመቱ ከሚያወጣው የድህነት ወለል ቢያንስ 125 በመቶ መሆን አለበት፤ ካልሞላ ሌላ ስፖንሰር ይጨመራል። ተራው ደርሶ ማስታወቂያ ከተላከ በኋላ አንድ ዓመት ዝም ያለ ፋይል ሊዘጋ ስለሚችል በፋይሉ ላይ ያለው ኢሜይል የደላላ ሳይሆን የቤተሰቡ የራሱ ይሁን። ኢንተርቪውም ሆነ የሕክምና ምርመራው አዲስ አበባ ነው፤ ምርመራውን የሚያደርጉት ኤምባሲው የመደባቸው ሐኪሞች ብቻ በመሆናቸው ውጤቱ ከኢንተርቪው በፊት እንዲደርስ ቀደም ብሎ ወደ አዲስ አበባ መሄድ፣ የሁሉንም ሰነድ ዋናውንም ቅጂውንም በእጅ ቦርሳ መያዝ ያስፈልጋል።